ኤን ኤይት ኤን ለጎንደር እንግዳ ማረፊያ፦ ረዳቱ የሚበጠሰው የት የት ላይ ነው?

ጎንደር ውስጥ እንግዳ ማረፊያ ወይም የጉብኝት ቢሮ የያዘ ሰው እጁ ከቴሌግራም አይለይም። «ለጥምቀት ክፍል አላችሁ?»፣ «ወደ ደባርቅ መኪና ስንት ነው?»፣ «ነገ 3 ሰዓት አዘዞ የሚቀበለን ሰው ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ቀን ከሌት አይቋረጥም። ይህን ተቀብሎ፣ የክፍሎቹን የጉግል ሺት ሰንጠረዥ አይቶ፣ የአስጎብኚዎቹን ካላንደር አመሳክሮ መልስ የሚሰጥ የኤአይ ረዳት ለመሥራት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ኤን ኤይት ኤን (n8n) ነው። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ቢሮም እንመክረዋለን። የምንመክረው ረዳቱ ሲበላሽ ብልሽቱ የት ላይ እንደሆነ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሞዴሉ፣ ማለትም መልሱን የሚጽፈው ኤአይ፣ እንዳይቀባጥር ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን አብዛኛው ችግር የሚመጣው ረዳቱ ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር ከሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ጊዜው ያለፈ የይለፍ ቁልፍ፣ የተምታታ ሰዓት፣ በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ስም።

ኤን ኤይት ኤን በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የተጀመረ ነው። ሥራውን በስክሪን ላይ እንደ ዶቃ እያያያዙ ይሰኩታል፤ እያንዳንዱ ዶቃ ኖድ ይባላል፣ ሙሉው ክር ደግሞ ወርክፍሎው። በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫነውን ሥሪት ለቢሮ የውስጥ ሥራ በነፃ መጠቀም ይቻላል። ሶርስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ፈቃዱ ገደብ አለው፦ መሣሪያውን ራሱን እንደ አገልግሎት አድርጎ ለሌላ መሸጥ አይፈቀድም። እንደ ዛፒየርና ሜክ ያሉት ተፎካካሪዎች የሚሠሩት በየኩባንያው ክላውድ ላይ ብቻ ነው፤ ሥራው ሲበዛ በውጭ ምንዛሪ ካርድ በየወሩ ይከፈልባቸዋል። ጎንደር ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

መጫኑ ቀላል ነው፤ ሲጫን የሚዘለሉት አራት ነገሮች ግን ኋላ ያስለቅሳሉ። በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ዝግ ሣጥን ውስጥ በሚያስኬድ ሶፍትዌር) ሲጫን መሣሪያው በፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 5678 ይነሣል። መጀመሪያ ውሂቡ የሚቀመጥበትን ፎልደር ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ቮልዩም (ቋሚ ማስቀመጫ) ላይ እሰሩ፤ ካልታሰረ ኮንቴይነሩ በተቀየረ ቀን ወርክፍሎው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ የኢንክሪፕሽን ቁልፉን ራሳችሁ ወስናችሁ በወረቀት ጭምር ያዙት። የቴሌግራሙ፣ የጉግሉ፣ የክፍያው የይለፍ ቃል ሁሉ የሚቆለፈው በዚህ ነው። ዳታቤዙን ባክአፕ አድርጎ ቁልፉን የረሳ ሰው ወርክፍሎዎቹን ያገኛል፣ የይለፍ ቃሎቹን ግን መፍታት አይችልም። ሦስተኛው የሰዓት ክልሉ ነው፤ አፍሪካ አዲስ አበባ ተብሎ ካልተሞላ በጊዜ የሚነሡ ሥራዎች በሌላ አገር ሰዓት ይነሣሉ። አራተኛው የዌብሁክ አድራሻ፣ ማለትም ቴሌግራም አዲስ መልእክት የሚልክበት የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ቴሌግራም መልእክት የሚያቀብለው በኤችቲቲፒኤስ (https) ለሚጀምር አድራሻ፣ ያውም በ443፣ 80፣ 88 እና 8443 ፖርቶች ብቻ ነው። ይህ ሳይሞላ ሲቀር ኤን ኤይት ኤን የቢሮውን ኮምፒውተር የውስጥ አድራሻ ያስመዘግብና ቴሌግራም «ኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ያስፈልጋል» ብሎ ይመልሰዋል።

ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ይሁን ወይስ የተከራየ? መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቢሮ ውስጥ ያለው አብሮ ይቆማል፤ የተከራየው አይቆምም፣ ኪራዩ ግን በዶላር ነው። ቢሮ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ሰው አንድ መልካም ነገር አለ፦ ቴሌግራም ያልደረሰ መልእክትን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ያቆያል። መብራት ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። እዚህ ላይ ሁለት መከላከያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መልእክት ከላኪው ሰዓት ጋር ስለሚመጣ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ወደ ኤጀንቱ (መልሱን ወደሚያዘጋጀው የኤአይ ኖድ) ሳይሆን ወደ ሠራተኛው ስልክ አሳልፉት፤ ጠዋት ለተጠየቀ መኪና ማታ «እሺ ይመጣል» ማለት ያሳፍራል። ሌላው፣ ቴሌግራም መቀበያው እሺ ካላለው ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልካል። የእያንዳንዱን መልእክት የአፕዴት ቁጥር (ቴሌግራም የሚሰጠውን መለያ) ይዞ ከዚህ በፊት የታየውን የሚጥል የድግግሞሽ ማስወገጃ ኖድ ከመቀበያው ቀጥሎ ካልተሰካ አንድ እንግዳ ሁለት ክፍል ይያዝለታል። ዶከሩንም ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ እንዲነሣ አድርጋችሁ አዋቅሩት።

አሁን ወደ ኤጀንቱ ኖድ። ከሥሩ ሦስት ነገር ይሰካበታል፦ ሞዴል፣ ትውስታና መሣሪያዎች። ትውስታው ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ትውስታው የማንን ወሬ ከማን እንደሚለይ የሚያውቀው በሴሽን መለያ ነው፤ መልእክቱ ከቴሌግራም ሲመጣ ይህ መለያ በራሱ አይሞላም። ያልሞላ ሰው የስሕተት መልእክት ይደርሰውና ለማለፍ ያህል «1» ወይም «እንግዳ» ብሎ ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ የሁሉም እንግዳ ወሬ አንድ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ለአንዱ የሌላውን ስምና የመምጫ ቀን ይነግረዋል። የሚገባበት የቴሌግራሙ የቻት መለያ ቁጥር ነው። ቀላሉ የትውስታ ዓይነት ደግሞ የሚያስበው ያለፉትን 5 ልውውጦች ብቻ ነው፤ ኤን ኤይት ኤን እንደገና ሲነሣም ባዶ ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት ቢሮ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚሠራውን ትውስታ መምረጥ ይሻላል።

መሣሪያዎቹን በተመለከተ፣ ጥቂት ይሁኑ። ክፍል መፈለጊያ፣ ቀን መቀየሪያ፣ ዋጋ ማስያ፣ ወደ ሰው ማስተላለፊያ፤ ለመጀመሪያ አራቱ ይበቃሉ። ሞዴሉ የትኛውን መቼ እንደሚጠራ የሚወስነው በመሣሪያው ማብራሪያ ነው። «ሺት ያነባል» የሚል ማብራሪያ ለሞዴሉ ምንም አይነግረውም። «እንግዳው የመግቢያና የመውጫ ቀን ከሰጠ በኋላ ብቻ ጥራ፤ ቀኑ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል በፈረንጆች አቆጣጠር መሆን አለበት፤ ባዶ ክፍሎችን ይመልሳል፤ ባዶ ዝርዝር ከመለሰ ክፍል የለም ማለት ነው» ተብሎ ሲጻፍ ግን ይገባዋል። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትዝለሏት፤ ባዶ መልስ የመጣለት ሞዴል ያንኑ መሣሪያ ደጋግሞ ይጠራና የዙር ገደቡ ላይ ደርሶ ይቆማል። ገደቡ ሳይነካ 10 ነው። ከፍ ማድረጉ መድኃኒት አይሆንም፣ ወጪውን ብቻ ያበዛል።

ለሞዴሉ ሒሳብ አትስጡት። ዋጋ ማባዛት፣ ቀን መቀየር፣ ሰዓት መቁጠር ሁሉ በኮድ ኖድ (ትንሽ ፕሮግራም በሚጻፍበት ኖድ) ይሠራ፤ ሞዴሉ ከወሬው ውስጥ ቁጥሩን ነቅሶ ማውጣትና መልሱን በጨዋ አማርኛ መጻፍ ብቻ ይያዝ። በተለይ ቀንና ሰዓት። «ነገ 3 ሰዓት» ሲባል ሞዴሉ ካላንደሩ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያርፍ 3:00 ይጽፋል፤ እንግዳው ያለው 9:00 ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የቀን ሰዓት ከሆነ 6 ደምር፤ የማታና የሌሊት ከሆነ 18 ደምርና ከ24 ካለፈ 24 ቀንስ፣ ልክ 24 ከሆነ ዜሮ አድርግ። ማታ 1 ሰዓት 19:00፣ ሌሊት 7 ሰዓት 1:00 ይሆናል። ሕጉን የሚያፈርሰው 12 ሰዓት ነው። «ጠዋት 12» 6:00 ሲሆን በቀኑ ሕግ 18:00 ይወጣል፤ «ማታ 12» ደግሞ ተገላቢጦሹ። 12ን ለብቻው ማስተናገድ ግድ ነው። «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ከሌለ ኤጀንቱ ይጠይቅ እንጂ አይገምት፤ ይህ በሲስተም ፕሮምፕቱ (ለሞዴሉ በሚሰጠው ቋሚ መመሪያ) ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ቀኑም እንዲሁ። የኮድ ኖዱ የሚሠራበት ጃቫስክሪፕት የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ የማሳየት ችሎታ አብሮት አለው፤ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ግን ራሳችሁ ማስላት አለባችሁ። ስሌቱ አጭር ነው፦ ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ትታችሁ ደምሩ፤ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ቀኑን ደምሩ፤ 31 ቀንሱ፤ 1,723,856 ደምሩ። ከሚወጣው ላይ 2,440,588 ስትቀንሱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ቀናት ይገኛሉ። ጥምቀትን ውሰዱ። ጥር 11 ቀን 2016 በዚህ ስሌት 2,460,330 ይሆናል፤ ሲቀነስ 19,742፤ ይኸውም ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። ጥር 11 ቀን 2017 ደግሞ 20,107፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025። የአንድ ቀን ልዩነቱ የመጣው የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ነው። ይህንኑ ለሞዴሉ ብትተዉት በየዓመቱ 19 ብሎ ይመልሳል፤ የፋሲለደስ መዋኛው በምእመናን በሚሞላበት ቀን ክፍሉ የተያዘበትን ጊዜ በአንድ ሌሊት ያሳጥረዋል። እነዚህን ሁለት ቀኖች የመፈተኛ ጥያቄ አድርጋችሁ ያዟቸው። «11/5» ተብሎ የመጣ ቀንም ጥር 11፣ ሜይ 11 ወይም ኖቬምበር 5 ሊሆን ስለሚችል ይጠየቅ።

ሁለተኛው የእኛው ጉዳይ ፊደል ነው። የከተማዋ ስም ራሱ «ጎንደር» ተብሎም «ጐንደር» ተብሎም ይጻፋል፤ ለኮምፒውተር ግን ጎ እና ጐ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። እንግዳው «ኃይሉ» ብሎ ተመዝግቦ በኋላ «ሀይሉ» ብሎ ሲጠይቅ የሺት መፈለጊያው «የለም» ይላል፤ ኤጀንቱም ለከፈለ ሰው «ቦታ አልያዙም» ብሎ ይመልሳል። ይህ የሞዴሉ ጥፋት አይደለም፤ ፕሮምፕት በማስረዘምም አይድንም። መፍትሔው ከመፈለግ በፊት ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ዓይነት ፊደል የሚያመጣ ትንሽ ኮድ ነው። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የፊደላቱ ቤተሰቦች በእኩል ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ ሥራው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፦ የሐ ሰባቱ ፊደላት ላይ 16 ሲቀነስ ሀ ይሆናሉ፤ የኀዎቹ ላይ 128 ሲቀነስ እንዲሁ ሀ፤ የሠዎቹ ላይ 16 ሲደመር ሰ፤ የዐዎቹ ላይ 48 ሲቀነስ አ፤ የፀዎቹ ላይ 8 ሲቀነስ ጸ። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ ይቀየር። የተስተካከለው ስም ለፍለጋ ብቻ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ ለእንግዳው ሲጻፍ ግን ስሙ እሱ በጻፈው ፊደል ይመለስለት። የሰው ስም በገዛ ፊደሉ መጠራቱ ክብር ነው። በነገራችን ላይ አማርኛ ሲጽፉ አብዛኞቹ ሞዴሎች «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ይደባልቃሉ፤ ጾታም ይገምታሉ። «ሁልጊዜ እርስዎ በል» የሚለው ትእዛዝ ከሦስት ምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች ጋር ሲሰጥ ይሻሻላል። ታላቅን «አንቱ» በሚል አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወጪን በሚመለከት አንድ ነጥብ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። የሞዴሎቹ ቃል መቁረጫም በብዛት የሠለጠነው በሌሎች ቋንቋዎች ስለሆነ ያው ሐሳብ በአማርኛ ብዙ ቶክን (የሚከፈልበት የጽሑፍ ቁራጭ) ይበላል። ረጅሙን ሲስተም ፕሮምፕት በእንግሊዝኛ፣ የመልስ ምሳሌዎቹን ብቻ በአማርኛ መጻፍ ሒሳቡን ያቀልላል። በኦላማ በኩል ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሞዴልም መሰካት ይቻላል፤ ግን ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ኤን ኤይት ኤን «ሎካልሆስት» ሲባል የሚያየው ራሱን ነውና ግንኙነቱ ይከለከላል። የኮምፒውተሩን አድራሻ በዶከር በኩል መስጠት ያስፈልጋል፤ የኦላማ ፖርት 11434 ነው። አነስተኛ ሞዴሎች ግን በአማርኛም መሣሪያ በመጥራትም ደካሞች ናቸው፤ ለእንግዳ መልስ አንመክራቸውም።

የቴሌግራም ኖዱ ጥቂት ጠባዮች አሉት። አንድ ቦት አንድ ዌብሁክ ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ወርክፍሎውን ለመሞከር የሙከራ ቁልፉን ስትጫኑ ሥራ ላይ ያለው ይነቀላል፣ እንግዳውም መልስ ያጣል። ለሙከራ ሌላ ቦት ክፈቱ። ከ4096 ፊደል በላይ የሆነ መልስ አይላክም። መልሱ ውስጥ ያልተዘጋ የግርጌ ሰረዝ ወይም ኮከብ ካለ ቴሌግራም «መተርጎም አልቻልኩም» ብሎ ይጥለዋል፤ የጽሑፍ ቅርጹን ወደ ኤችቲኤምኤል መቀየር ይፈውሰዋል። ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ «በኤን ኤይት ኤን የተላከ» የሚለው ጽሑፍም በተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ ይጠፋል።

በጉግል በኩል «ልክ በሳምንቱ ቆመ» የሚል ሰው ካለ ምክንያቱ የታወቀ ነው። በጉግል ክላውድ ላይ የፈጠራችሁት አፕ በሙከራ ደረጃ ላይ ከተተወ ፈቃዱ በ7 ቀን ይቃጠላል። አፑን ወደ ሥራ ደረጃ ማሳለፍ አለዚያም ሰርቪስ አካውንት (ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚገባበት አካውንት) መጠቀም ይቻላል። ሰርቪስ አካውንት ስትመርጡ ሺቱን ለዚያ አካውንት ኢሜይል ማጋራት አትርሱ፤ ካልተጋራ 403 (ፈቃድ የለም የሚል ስሕተት) ይመጣል። የሺት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች የሚገናኙበት በር) ለአንድ ተጠቃሚ በደቂቃ 60 ንባብ ብቻ ይፈቅዳል። ኤጀንቱ ለአንድ መልእክት ሺቱን ሦስት ጊዜ የሚከፍት ከሆነ መብራት ሲመጣ በሚጎርፈው መልእክት 429 (ጥሪ በዝቷል የሚል ስሕተት) ወዲያው ይታያል። የኖዱ «ሲሳሳት ድገም» ምርጫ እስከ 5 ጊዜ፣ በመካከሉም ቢበዛ 5 ሰከንድ ነው የሚጠብቀው፤ ለደቂቃ ገደብ አይበቃም። የመጠበቂያ ኖድ ጨምራችሁ ጊዜውን በየዙሩ እጥፍ ማድረግ ይሻላል።

ክፍያ እንደ ቻፓ ባለ የክፍያ ኤፒአይ ሲሰካ ኤጀንቱ ገንዘቡን ራሱ እንዳይጽፍ አድርጉ፤ ዋጋው ከሺቱ በኮድ ይምጣ። ለእያንዳንዱ ክፍያ የሚሰጠው ማጣቀሻ ቁጥር መደገም የለበትም። ከቻት መለያው፣ ከመግቢያ ቀኑና ከክፍሉ ቁጥር ከተሠራ፣ ሞዴሉ መሣሪያውን ሁለት ጊዜ ቢጠራ እንኳ ሁለተኛው ይመለሳል እንጂ ሁለት ሊንክ አይወጣም። እንግዳው የመጀመሪያውን ሊንክ ትቶት እንደገና ከጠየቀ ብቻ መጨረሻው ላይ ተራ ቁጥር ይጨመር። «ከፍያለሁ» የሚል መልእክትም ሆነ የስክሪን ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም፤ ክፍሉ የሚያዘው የኤፒአዩ ማረጋገጫ ጥሪ ተሳክቷል ካለና ገንዘቡ ከተጠየቀው ጋር ከገጠመ በኋላ ነው። የክፍያ ድርጅቱ የስም ቦታ «የመጨረሻ ስም» ሲል የአባት ስም ይሙላ፤ ኤጀንቱ ባዶ እንዳይተወው ንገሩት።

ሲሰበር ከየት ይጀመራል? የተፈጸሙ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ የከሸፈውን ክፈቱና ከቀዩ ኖድ ሳይሆን ከእሱ በፊት ካለው ጀምሩ፤ የገባለት ውሂብ ባዶ ወይም የተሳሳተ መሆኑ የተለመደ ነው። ያንን ውሂብ ፒን አድርጋችሁ (ባለበት አስቀርታችሁ) ኖዱን ለብቻው አስኪዱት፤ ቴሌግራሙን መቀስቀስ አያስፈልግም። ቀጥሎ ኤጀንቱን ከመንገዱ አውጥታችሁ ያንኑ ኤፒአይ በተራ የኤችቲቲፒ ኖድ፣ በእጅ በተጻፈ ቀንና ስም ጥሩት። ይህ ከሠራ ጥፋቱ በመሣሪያው ማብራሪያ ወይም ሞዴሉ በሞላው ዋጋ ላይ ነው፤ ካልሠራ ሞዴሉን ተዉት፣ ቁጥሩን አንብቡ። 401 ቁልፉ የተሳሳተ ወይም ያለቀ፣ 403 ቁልፉ ትክክል ሆኖ ፈቃድ የሌለው፣ 400 የተላከው ቅርጽ የተበላሸ፣ 429 የበዛ ጥሪ ነው። የስሕተት ወርክፍሎ ሠርታችሁ ብልሽቱ ለሠራተኛ በቴሌግራም እንዲደርስ አድርጉ፤ ነገር ግን በእጅ በምታስኬዱት ሙከራ ላይ እንደማይነሣ እወቁ። መሣሪያው የሥራ ታሪክን ሳይነካ የሚያቆየው 336 ሰዓት፣ ማለትም 14 ቀን ነው፤ የጥምቀት ሰሞን ቅሬታ ዘግይቶ ስለሚመጣ ይህን ከፍ አድርጉት።

የእንግዳ ፓስፖርት ፎቶ ወደ ሞዴል አይላክ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ቢሮን ይመለከታል፤ የታሪኩ መዝገብ ራሱም የእንግዳ ውሂብ መሆኑ አይዘንጋ። እንግዳ የሚጽፈው ጽሑፍ ኤጀንቱን ሊያዝዘው ስለሚሞክር መሰረዝ የሚችል መሣሪያ አትስጡት፤ ስረዛና ገንዘብ መመለስ በሠራተኛ ስልክ ላይ «ይሁን» የሚል ቁልፍ ሲጫን ብቻ ይለፍ። መሣሪያው ለዚህ መልስ ጠባቂ የቴሌግራም እርምጃ አለው፤ ከሁሉ የወደድነውም እሱን ነው። የኤን ኤይት ኤን ማረሚያ ገጽም ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆን የለበትም፤ አዳዲስ ሥሪቶችን መጫን ደግሞ አይዘግይ።

አምስት ክፍል ብቻ ላለው ማረፊያ ይህ ሁሉ ድካም አያዋጣም፤ በቴሌግራም የሚቀመጥ ዝግጁ መልስና ስልክ የሚያነሣ ሰው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በተለይ መኪናና አስጎብኚ ለሚያቀናጅ ቢሮ ግን ይመከራል። ለጥር የሚያስብ ኅዳር ላይ ይጀምር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኤጀንቱ መልሱን ለእንግዳው ሳይሆን ለሠራተኛው ይላክ፣ ሠራተኛው አይቶ ያስተላልፍ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከጠዋትና ከማታ 12 ሰዓት፣ ከጥር 11፣ «ጐንደር» ከሚለው አጻጻፍና ከተቋረጠ መብራት በኋላ ከሚጎርፈው መልእክት ጋር እያንዳንዱን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ሞክሩት።